ከራስጌ የሚቆመው ሰው

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ እናቷ ስትሄድ ደብረ ብርሃን እኛ ቤት አንድ ሌሊት አደረች። ማታ ቡና ተፈልቶ ስንጨዋወት፣ "ጋሼ፣ ሜዲስን ባይደርሰኝ አኔስቴዥያ ልሙላ ወይ?" አለችኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ቀደመችኝ። "መርፌ ወግቶ ማስተኛት አይደለም እንዴ? ለሱ አራት ዓመት ምን ያስተምራሉ?"

አልፈረድኩባትም። አብዛኛው ሰው የሚያስበው እንደሷ ነው። ኦፕራሲዮን ተደርጎ የዳነ ሰው "እግዜር ይስጥልኝ ዶክተሩን" ይላል። ዶክተሩ ሲል የቀደደውንና የሰፋውን ማለቱ ነው። ከራስጌው ቆሞ ትንፋሹን ሲጠብቅ ያመሸውን ሰው ስሙን እንኳ አይጠይቅም። ተኝቶ ነበርና አላየውም።

እኔ ግን ይህን ሙያ የማልረሳበት ምክንያት አለኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቴን ምጥ የያዛት ከጣርማበር ማዶ፣ በቆላው ወገን ነበር። እዚያ ካሉት ሆስፒታሎች ወደ አንዱ ወሰዷት። ምጡ ጠና። የሕፃኑ የልብ ምት እየቀነሰ ስለሆነ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ተባለ። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ባለሙያ አለ። ክፍሉ አለ። መብራት አለ። ሰመመን የሚሰጠው ሰው ግን የለም። ሆስፒታሉ ያለው አንድ አኔስቴቲስት ነው፤ እሱም ለወራት ሳይወስድ የቆየውን ፈቃድ ወስዶ ቤተሰቡ ጋ ሄዷል። ሰው ነውና አልፈርድበትም።

በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ላኳት። ሌሊት ነው። የጣርማበር ጉም ደግሞ ይታወቃል፤ የመኪና መብራት እንኳ አይበሳውም። ባሏ ከመንገድ እየደወለ "አሁን ዳገቱን ጀመርን፣ አሁን ዋሻው ውስጥ ገባን" ይለኛል። ከዋሻው ከወጡ በኋላ ስልኩ ጠፋ። እኔ ጋቢ ደርቤ የሆስፒታሉ በር ላይ ስጠብቅ ነበር። ያቺን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኳት አላውቅም።

ሲደርሱ በመጀመሪያ ወደ አልጋዋ የመጣው ቀዶ ሐኪሙ አልነበረም። አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ቀጭን ወጣት መጣና ጎንበስ ብሎ በእርጋታ ይጠይቃት ጀመር። መቼ ነው የበላሽው? የማይስማማሽ መድኃኒት አለ? ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን ተደርገሽ ታውቂያለሽ? አፍሽን በደንብ ክፈቺ። አንገትሽን ወደ ኋላ ቀና አድርጊ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "ምግብ የሰጣት ሰው አለ?" አለኝ። አማቷ አቅም እንዲሆናት ብላ መንገድ ላይ በሶ አጠጥታታለች። እውነቱን ተናገርን። ፊቱ ላይ ያየሁትን አሳብ ዛሬም አስታውሳለሁ።

በሶው ለምን እንዳስጨነቀው የገባኝ በኋላ ነው። ሰው በሰመመን ሙሉ ለሙሉ ሲተኛ ጉሮሮውን የሚጠብቀው ነገር ሁሉ አብሮት ይተኛል። ነቅተን ሳለ ምግብ በተሳሳተ መንገድ ቢሄድብን እናስላለን፣ ይወጣል። የተኛ ሰው አያስልም። ሆዱ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ከገባ ሊገድለው ይችላል። ቀጠሮ ያለው ታካሚ ከቀላል ምግብ ስድስት ሰዓት፣ ቅባት ከበዛበት ስምንት ሰዓት፣ ከንጹሕ ውኃ ሁለት ሰዓት ቀድሞ እንዲከለከል የሚታዘዘው ለዚህ ነው። በሶ ብትጠጣውም ምግብ ነው፤ ውኃ ተብሎ አይቆጠርም። በምጥ ላይ ያለች ሴት ደግሞ ሆዷ ቶሎ አይፈጭም። ስለዚህ ብትበላም ባትበላም ሆዷ ሙሉ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው ዝግጅት የሚደረገው። በአገራችን ዘመድ ለታማሚው አዝኖ በድብቅ የሚያጎርሰው ጉርሻ ስንት ኦፕራሲዮን እንዳሰረዘ ባለሙያዎቹን ብትጠይቋቸው ይነግሯችኋል። እባካችሁ አትደብቋቸው። ተቆጥቶ ቀጠሮ ቢያራዝምባችሁ ይሻላል።

አፏንና አንገቷን ያየውም ያለ ነገር አይደለም። ድንገት ሙሉ ሰመመን ቢያስፈልግ የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ አሳልፎ ማስገባት አለበት። እነሱ ኢንቱቤት ማድረግ ይሉታል። አፉ በደንብ የማይከፈት፣ አንገቱ አጭር የሆነ፣ ጥርሱ የሚነቃነቅ ሰው ያስቸግራል። በኛ ደጋ ደግሞ እንቅርት አለ። ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧውን ወደ ጎን ገፍቶ ያጠብበዋል። ከሌላ በሽታ የተነሳ ለመጣ ሰው እንኳ አንገቱ ላይ ያለችው እብጠት የዚያን ቀን ዋናዋ ጉዳይ ልትሆን ትችላለች።

ወጣቱ ለእህቴ ስፓይናል መረጠ፤ ሳያስተኛ የታችኛውን አካል ብቻ የሚያደነዝዝ ሰመመን ነው። "እንደ ድመት ጎብጠሽ ተቀመጪ" አላት። ከወገቧ ዝቅ ብሎ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል በቀጭን መርፌ መድኃኒቱን ሰጣት። እግሯ መጀመሪያ ሞቃት፣ ቀጥሎ ከበዳት፣ ከዚያ የሷ እግር መሆኑ ጠፋት። ነቅታ ነበር። ልጇ ሲያለቅስ በጆሮዋ ሰማች።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ እሱ ከራስጌዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሳም። አጥወለወለኝ ስትለው የደም ግፊቷ መውረዱን ቀድሞ አውቆ መድኃኒት እየሰጠ ነበር። ስፓይናል የደም ሥሮችን ስለሚያላላ ግፊት ይወርዳል፤ ካልተቃና እናትንም ልጅንም ይጎዳል። ከዚያ መንቀጥቀጥ ጀመራት። የደብረ ብርሃን ብርድ ሲጨመርበት ጥርሷ እርስ በርሱ ተጋጨ። ይህም የሚታወቅ ነገር ነው፤ ከወገብ በታች የደነዘዘ ሰውነት ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል። ብርድ ልብስ ደረበላት፣ ትከሻዋን ይዞ "ይሄ ያልፋል እህቴ፣ አይዞሽ" እያለ አወራት። እሷ ዛሬም የምታነሳው ያንን ድምፅ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ስፓይናል አንድ ነገር ልበል። "ወገቤን የሚያመኝ በዚያ መርፌ የተነሳ ነው" የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል። አንዳንዷን ደግሞ ቀና ስትል የሚብስ፣ ስትተኛ የሚሻላት ራስ ምታት ይይዛታል፤ እሱ ሕክምና አለውና ሆስፒታል ተመልሳ መናገር አለባት። ለዓመታት የሚቆይ የወገብ ሕመም ግን በምጥ የወለዱትንም ይይዛል። እርግዝናው ራሱ፣ ሕፃን ማዘሉ፣ እንጨትና ውኃ መሸከሙ ወገብ ይጎዳል። ይህን ፍርሃት ይዛ አስፈላጊ ኦፕራሲዮን እምቢ የምትል እናት እንዳትኖር እመኛለሁ።

ወደ ባለቤቴ ጥያቄ ልመለስ። አራት ዓመት ምን ያስተምራሉ?

አንድ ነገር ብቻ እንይ፤ ትንፋሽ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሰባ በመቶ ገደማ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ሄድክ የት 21 በመቶ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ግን ወደ ደማችን የሚገፋው ኦክስጅን ያንሳል። እኛ ተወልደን ስላደግንበት አይታወቀንም። ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ተሰጥቶት መተንፈስ ያቆመ ታካሚ ላይ ግን ይታወቃል። ቱቦው እስኪገባ ድረስ የሚኖረው ሳንባው ውስጥ ባለችው ስንቅ ነው። ተራ አየር ሲተነፍስ የቆየ ሰው ስንቁ በደቂቃ ውስጥ ያልቃል። ለዚህ ነው ከማስተኛታቸው በፊት ጭንብል አፍ ላይ አድርገው ለሦስት ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን የሚሰጡት። ታካሚው "አፈኑኝ" ይላል። እነሱ ስንቅ እየቋጠሩለት ነው።

ሌላም አለ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ድምፅ አለው፤ ቲክ፣ ቲክ ይላል። ኦክስጅን ሲወርድ ድምፁ እየወፈረ ይሄዳል። ጥሩ አኔስቴቲስት ዓይኑ ሌላ ቦታ ሆኖ በጆሮው ይህን ይከታተላል። ቀዶ ሐኪሙ ደም እያቆመ ነው፣ ነርሷ መሣሪያ እየቆጠረች ነው፤ እሱ ድምፅ እየሰማ ነው። ይህ ጆሮ በመጽሐፍ አይገኝም። በመቶ በሚቆጠሩ ታካሚዎች ራስጌ በመቆም ነው የሚገኘው።

አሁን ስለ መንገዱ። አገራችን ውስጥ ሁለት መንገድ አለ፤ ሰው ሁሌ ያምታታቸዋል። አንደኛው አኔስቴቲስት መሆን ነው። ሐኪም ሳይሆን በቀጥታ በአኔስቴዥያ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚይዝ ሰው ማለት ነው። አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። እዚሁ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ጎንደርና ጅማም በዚህ የቆዩ ናቸው። ትምህርቱ የሰውነት አሠራርን፣ የመድኃኒት ባሕርይን፣ የሰመመን ማሽኑን ነገር ይዞ ይጀምርና ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ፤ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ሁለቱንም ሳያልፉ ሥራ የለም። ቀጥሎ መማር ለሚፈልግ የሁለት ዓመት ማስተርስ አለ።

ሁለተኛው መንገድ አኔስቴዚዮሎጂስት መሆን ነው። ይህ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። በመጀመሪያ ስድስት ሰባት ዓመት ሜዲስን መጨረስ ያስፈልጋል። ከዚያ በጤና ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውን የስፔሻላይዜሽን ፈተና ማለፍ፣ ከዚያ እንደ ጥቁር አንበሳ ባለ ሆስፒታል ቢያንስ ሦስት ዓመት በሬዚደንትነት፣ ማለትም ታካሚ እያከሙ፣ መማር። ሥራው ከኦፕራሲዮን ክፍል ይሰፋል። የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የማይለቅ ሕመምን ማከም፣ የልብና የሕፃናት ከባድ ቀዶ ሕክምናዎች ሁሉ እዚህ ይገባሉ። አሜሪካ ብንሄድ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት ሕክምና፣ አራት ዓመት ሬዚደንሲ ነው፤ ድምሩ አሥራ ሁለት። የትም ቢሆን አጭር አይደለም።

ታዲያ ስፔሻሊስቱ ካለ አኔስቴቲስቱ ለምን አስፈለገ? መልሱ ቁጥር ነው። የዓለም የአኔስቴዥያ ማኅበራት ፌዴሬሽን ለ100,000 ሰው ቢያንስ አምስት ስፔሻሊስት ሐኪም ይኑር ይላል። የኛ የሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ብቻ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበር። በዚያ ሒሳብ ዞናችን ከዘጠና በላይ ሊኖሩት ይገባ ነበር። ይህ ዛሬ ህልም ነው። ስለዚህ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ያለውን የአገሪቱን ሰመመን የተሸከመው አኔስቴቲስቱ ነው። በየወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲከፈት ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ በማስተርስ የሰለጠኑ ባለሙያዎች ተመደቡ። አጠገባቸው አኔስቴቲስት ከሌለ ግን ምላጩን ማንሳት አይችሉም። ኦፕራሲዮን ክፍሉ ተቆልፎ የተቀመጠ ባዶ ቤት ይሆናል። እህቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊደርስባቸው ይገባል ያላቸው ሦስት ቀዶ ሕክምናዎች አሉ፤ በኦፕራሲዮን ማዋለድ፣ ሆድ መክፈት፣ ክፍት ስብራት ማከም። የመንዝን፣ የመርሐቤቴን፣ የይፋትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሁለት ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጦርነትና በግጭት የተነሳ መንገዱ ራሱ የተዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ያን ጊዜ "ወደ ደብረ ብርሃን ይላክ" ማለት ትርጉም የለውም። ባለሙያው እዚያው መኖር አለበት።

በኔ አስተያየት ትልቁ ስህተት "አንድ አኔስቴቲስት ተመድቦላቸዋል" ብሎ ጉዳዩን ማሳረፍ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ምጥ ደግሞ ሰዓት አይጠይቅም። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ፣ ሌሊትና ቅዳሜ እሁድን ጨምሮ ለመሸፈን ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል። አንድ ሰው ብቻውን ሲመደብ የአራት ሰው ሥራ ነው የሚሸከመው። ከከተማ መውጣት አይችልም። ስልኩን ማጥፋት አይችልም። እናቱ ብትሞት ለቅሶ መቀመጥ አይችልም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ብቸኝነቱ ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት ቱቦው አልገባ ቢለው፣ "እስቲ አንተ ሞክር" የሚለው ሁለተኛ ሰው የለም። ወጣቶቹ የሚለቁት በደመወዝ ብቻ የሚመስለው ሰው ይህን አላየም።

ደመወዙም ቀላል ነገር አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በብዙ ቦታ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት ኑሮው ስለገፋቸው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ሌላ ነው። ባለሙያ ጠፋ እየተባለ የጤና ምሩቃን ሥራ አጥተው ይቀመጣሉ። ወረዳው ሰው ያስፈልገዋል፣ ልጁ ሥራ ይፈልጋል፣ በመሐል በጀት የለም። ካምፓስ መክፈቱ ብቻውን ያመጣው መፍትሔ የለም። ተመራቂውን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አድርጎ በአንድ ሆስፒታል መቅጠር፣ በየተወሰነ ወሩ ወደ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ከባድ ኬዝ እንዲያይ ማድረግ፣ ሌሊት የሚደውልበት አንድ አንጋፋ ባለሙያ መመደብ፤ እነዚህ አዲስ ሕንፃ አይጠይቁም። ሦስተኛው እንዲያውም አንድ ስልክና የተራ ዝርዝር ነው የሚፈልገው።

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ተገቢ ነው፤ ታላቅ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። የተማሩት ስኮትላንድ ውስጥ ኤዲንብራ ነው። ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን የተባለ የማዋለድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1847 ክሎሮፎርም የተባለውን ማደንዘዣ ለምጥ ሕመም የተጠቀመውም በዚያችው ከተማ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቦስተን ውስጥ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም ታካሚን በኤተር አስተኝቶ አንገቱ ላይ ያለ እብጠት ሲወጣለት በአደባባይ አሳየ። ከዚያ በፊት ኦፕራሲዮን ማለት ጉልበተኞች ሰውየውን ይዘውት ሐኪሙ በጥድፊያ መቁረጥ ነበር። ሆድ ከፍቶ ሳይጣደፉ መሥራት የተቻለው ሰመመን ከመጣ በኋላ ነው። በዚያ ካምፓስ በር ሳልፍ ሁሌ የማስበው ይህን ነው። የቀዶ ሐኪሙ ስም በሩ ላይ አለ። ከራስጌ የሚቆሙት ልጆችም ከዚያው በር ነው የሚወጡት።

ያን ማታ ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ነበር። ግማሹን ነገርኳት። ባለቤቴ ሲኒውን እያነሳች ዝም ብላ ሰማች። ልጅቷ የጠየቀችኝ ስለ ደመወዝ አይደለም፣ ስለ ፈተናውም አይደለም። "ሌሊት ላይ ቢከብደኝ ማንን ነው የምጠራው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የዚያን ወጣት ስልክ ግን ይዤ ነበር። ታናሽ እህቴ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ጠርታው፣ ዲዩቲ ስለነበረበት መምጣት ያልቻለው ልጅ ነው። ቁጥሩን ሰጠኋት። በማግስቱ መሐል ሜዳ ሳትደርስ መኪና ውስጥ ሆና ደወለችለት። አላነሳም፤ ኬዝ ላይ ነበር። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ራሱ መልሶ ደወለላት። አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ።